የሞደሙን ፍጥነት የሚቀይረው ማን ነው?

ሰኞ፣ ግንቦት 21። ጠዋት 4 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ አስቀድመህ ይህን ያዝ፦ የኮምፒውተሩ ክፍል ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወ/ሮ ስንዱ ጋ። ሦስተኛ የለም።

ክፍሉ ውስጥ በዩኒክስ የሚሠራ ሰርቨርና አንድ ሞደም አለ። የአማኑኤል ት/ቤት በስልክ እየደወለ የተፈታኞችን ስም ዝርዝር ይልክበታል። መስመራቸው ጫጫታ ስለሚበዛበት በሰከንድ ከ9600 ቢት በላይ አይችልም። ስለዚህ ከመጋቢት ጀምሮ 9600 ላይ ነው። ዛሬ ሲደውሉ ስክሪኑ 19200 ይላል። የደረሰኝ ስም አይደለም፤ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ነው።

9 ሰዓት። ወደ 9600 መለስኩት። ደወሉ። እንደገና 19200። ውጭ ዝናብ። እኔ አልነካሁም። ስንዱ ባለፈው ወር ፍጥነቱ ቢጨመር ምን ይመስልዎታል ብላኝ ነበር። ያኔ በዋዛ አለፍኩት።

ማክሰኞ፣ 22

ትናንት ስወጣ በሩ ሥር የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩ። ጠዋት እንደነሰነስኩት አገኘሁት። አማኑኤል ሲደውል ግን 19200። ዱቄቱን አይታ ተሻግራው ይሆን?

ሐሙስ፣ 24

በመምህራን ስብሰባ ላይ ቁልፏን ጠየቅኳት። ምክንያቱንም ተናገርኩ። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተናዬንም ሁለት ጊዜ አርመውት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያው ውጤት ነው የመጣው።»

እውነቷን ነው። ያኔም፣ ተማሪዬ ሳለች፣ የኮረጀች መስሎኝ ነበር። አንዳንዶቹ ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አልገባችም። አምበር ከተማ፣ እናቷ ቤት ሄደች አሉኝ።

ዓርብ፣ 25

ሁለቱም ቁልፎች ኪሴ ውስጥ ናቸው። አማኑኤል ደወለ። 19200።



ሰኞ፣ 28። ጠዋት

መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ፍጥነቱ በሚወሰንበት ፋይል እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ፣ ደዋዩና ሰርቨሩ ሳይግባቡ ቢቀሩ ቀጥሎ የሚሞከረው ፍጥነት ይጻፋል። በ9600 መስመር መጨረሻ ላይ 19200 ተጽፏል። መጠባበቂያ ይሁን ብዬ በመጋቢት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዝናብ ጊዜ የመስመሩ ጫጫታ ሲበረታ፣ ሰርቨሩ ደዋዩ ፍጥነት ቀይርልኝ ያለው እየመሰለው ወደ 19200 ይሻገራል። በበጋ አልታየም።

መጨረሻውንም 9600 አደረግኩት። ደወሉ። ዝናቡ እየወረደ ስሞቹ በሙሉ ገቡ። አንድ ቅንፍ የለም።

ደስ አላለኝም።

11 ሰዓት። ነገ ወደ አምበር በሚሄደው አውቶቡስ የምልከው ደብዳቤ ነው። ግልባጩ እዚህ ይቀመጥ፦

ስንዱ፣ ሞደሙን ማንም አልነካውም። ስህተቱ የኔ ነው፤ በራሴ እጅ የተጻፈ። ሁለት ጊዜ ማረም የነበረብኝ የራሴን ሥራ ነበር። ቁልፍሽ ፖስታው ውስጥ ነው። ሐሙስ መምህራን ይሰበሰባሉ። በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ይህንኑ እናገራለሁ፤ አንቺ በሌለሽበት ግን መናገር አልፈልግም። ትመጪ እንደሆነ እባክሽ እስከ ረቡዕ መልሺልኝ።