ስእለት የከለከለው መርፌ

ውድ እታለም ኮከቤ፣

ከጓሳ ማዶ ወዳለው ጠበል በቃሬዛ ከወሰድንሽ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ለመጠየቅ አፍራለሁ። ሁለት ጊዜ መጥቼ አይቼሻለሁና። ሁለቱንም ጊዜ የሞላሌን ወሬ ስቀድ፣ ማን አገባ ማን ፈታ ስልሽ፣ አንቺም «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አይደክመውም?» እያልሽ ስትስቂ፣ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ ተመለስኩ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የማስቀው እኔ፣ አንዲት ቃል አቃተችኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ የሚያነቡልሽ መነኩሲቷ እማሆይ ወለተኪዳን መሆናቸውን አውቃለሁ። እማሆይ፣ እባክዎ ሲያነቡላት አጠገቧ ይቀመጡ።

ባልሽ ዓምደሚካኤል በ1991 ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመሽ ስትሳዪ አጠገብሽ ነበርኩ። «እመቤቴ፣ በሕይወቱ እስክትመልሺልኝ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ካፌ አይገባም» አልሽ። እኔ ሳቄ መጣ። «ምነው ጎመኑንም ብትጨምሪው?» ብልሽ በክርንሽ ደቃሽኝ። ለጥቂት ወር መስሎን ነበር። ጦርነቱ አለቀ። እሱ አልመጣም፣ አንቺም ስእለትሽን አልፈታሽም። ለፋሲካ ወጡን ራስሽ ሠርተሽ፣ ጨው መብቃቱን ለኔ አስቀምሰሽ፣ አንቺ በሶሽን ጨብጠሽ ጥግ ትይዢ ነበር። ቅቤ ስትንጪ ጣትሽ ላይ የቀረውን እንኳ በገለባ ነበር የምትጠርጊው።

በአራተኛው ዓመት ግድም ምላስሽ ቀልቶ ለሰለሰ፣ በርበሬ አልቀምስ አልሽ። ቀጥሎ እግርሽን ጉንዳን የወረረው ይመስል ይነዝርሽ ጀመር። ፊትሽ ሰም መሰለ። ሱፍ ስትፈትዪ እንዝርቱ ከጣትሽ ሲወድቅ አታውቂውም፤ «ኧረ ወደቀ!» ስንልሽ ነው የምታጎነብሺው። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ። እኔም ከሱቅ ቢጫዋን ቢ ኮምፕሌክስ ገዝቼ ሦስት ወር አስዋጥኩሽ። ምንም።

ካርድ ክፍል መሥራቴ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ ብዬ፣ ለጤና ጣቢያችን አዲስ የመጣውን ጤና መኮንን፣ ልዑልሰገድን፣ ለምኜ አሳየሁሽ። የምትበይውንና የማትበይውን አንድ በአንድ ጠየቀሽ። ከዚያ በዚያ በለሰለሰ አንደበቱ፣

«እትዬ ኮከቤ፣ ቢ የሚባሉት ቫይታሚኖች ስምንት ናቸው። እንደ አንድ ቤት ልጆች ይቁጠሯቸው። አንዱ የበላነውን ጉልበት ያደርጋል፣ አንዱ ደም ይሠራል፣ አንዱ ነርቭ ይጠብቃል። የቀሩትን ከገብሱም፣ ከባቄላውም፣ ከጎመኑም ያገኛሉ። ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ግን ከእንስሳ እንጂ ከእህል የለም። ሰውነት ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ጎተራው ለዓመታት ይበቃል። የእርስዎ ጎተራ ግን ተሟጧል። ክኒኗ አትሞላውም፣ መርፌ ያስፈልጋል» አለሽ።

ያንን መድኃኒቱ ደም የመሰለ ቀይ መርፌ ጀመርሽ። አራት እንደተወጋሽ ፊትሽ ደም ዘለቀው፣ በርበሬውንም ቻልሽው። እኔ ደስታዬን የት ላድርሰው! ካርድ ክፍል ውስጥ እልል አልኩ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ ልጓም የለውም። ለአምስተኛው ተራ ስትጠብቂ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ኮከቤ፣ ይህች ቀይ መርፌ እኮ የስንት በግ ጉበት ናት! ስእለቱን በክንድሽ በኩል እየገደፍሽው ነው» አልኩሽ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ወዲያ ለመርፌ ክንድሽን አልሰጠሽም።

ልዑልሰገድ መርፌው ከጉበት እንዳልሆነ፣ ዓይን በማያያቸው ረቂቃን ተሕዋስያን ፋብሪካ ውስጥ እንደሚሠራ እየማለ ነገረሽ። የነፍስ አባትሽ አባ ኪዳነ ወልድም «ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም» አሉሽ።

«ለጾሙስ እሺ አባቴ» አልሻቸው። «እኔን የያዘኝ ጾም አይደለም። የሱ ነፍስ እኔ ጉሮሮ ላይ ነው የተንጠለጠለችው። አንዲት ጠብታ ባስገባና ቢሞትስ? ማን ገደለው ሊባል ነው?»

እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ሰማሁሽ።

እማሆይ፣ እዚህ ላይ ይቁሙና እጇን ይያዙልኝ።

እታለም፣ ዓምደሚካኤል ሞቷል። በ1992 ግንቦት ነው የሞተው። አንቺ ለአባ ያንን ስትመልሺ መርዶው እጃችን ከገባ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። የቀበሌ ሰዎች ወረቀቱን ለወንድማችን ለጋሼ ዳኜ ሰጡት። ጋሼ ሽማግሌ ሰብስቦ ሊያረዳሽ ቀን ቆረጠ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ እንዝርት መያዝ ያቃታት ሴት እንዴት ትረዳለች? ትንሽ ትጠንክርና» አልኩት። አራስ አይረዳም፣ በሽተኛ አይረዳም፤ ያደግንበት ነው። እሱም «እውነትሽን ነው፣ ስትድን እንነግራታለን» አለ።

እንድትድኚ ስእለቱ መፈታት ነበረበት። ስእለቱ እንዲፈታ ደግሞ መርዶውን መስማት ነበረብሽ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ይህ አልታየኝም። የታየኝ ቀን ደግሞ ፈራሁ። «ከጥምቀት በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ» ስንል ሦስት ዓመት አለፈ። አንቺ በከዘራ ሆንሽ፣ በሰው ትከሻ ሆንሽ፣ በቃሬዛ ሆንሽ። እኛ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ስትድኚ እንጠብቅ ነበር።

ወደ ጠበሉ የሄድሽ ዕለት የቤትሽን ቁልፍ ሰጠሽኝ። «ድንገት ከመጣ ደጅ እንዳይቀር» አልሽኝ። ተቀበልኩሽ። እጄ አልደረቀም።

ትናንት ልዑልሰገድን ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «ነርቩ ይህን ያህል ከቆየ እግራቸው የሚመለስ አይመስለኝም። ዓይናቸውንና ማስታወሳቸውን ግን አሁን ከጀመሩ እናተርፍ ይሆናል» አለኝ። ይሆናል ነው ያለው። ከዚህ የበለጠ ቃል ላመጣልሽ አልቻልኩም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ያ ስእለት እግርሽን በላው፤ ጠዋት ጠዋት ከመኝታሽ ቀና የሚያደርግሽም እሱው ነበር። አሁን እሱን ነጥቄሽ በምትኩ የማመጣልሽ አንድ ካርቶን መርፌ ነው። «ለማን ብዬ ልዳን?» ብትዪኝ የምመልስልሽ የለኝም። ሳምንት ሙሉ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ለእኔ ብለሽ እንዳልልሽ፣ እኔ ማን ነኝና?

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ፊትሽ ብቆም ግን እንደገና ስለ ገበያው አውርቼ እንደምመለስም አውቃለሁ።

ይህ በደረሰሽ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ዳኜና አባ ኪዳነ ወልድ ይመጣሉ። አባ ጸሎት አድርሰው ከስእለቱ ይፈቱሻል። ልዑልሰገድ መርፌውን ይዞ ይከተላቸዋል። እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ አላያትም ካልሽ ግን ከአጥሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ፣ የሆነውን እነሱ ወጥተው ይነግሩኛል። ይቅር በይኝ አልልሽም። ክንድሽን ብቻ ስጫቸው።

ታናሽሽ ጌታነሽ
ሞላሌ፣ ጥር 1998