ሁለቱ የአባት ጠመንጃዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጅቡ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ገብስ እያጨዱ ነበር። የያዛቸው ፊታቸውን ነው። ሰው ተሯሩጦ ሲያስለቅቃቸው አንድ ጉንጫቸው አልነበረም። ጤና ጣቢያ አብሬ ሄድኩ፤ ነርሷ ጋቢውን ስትገልጥ ግን ፊቴን አዞርኩ። ያዩት ሰዎች አፉ አረፋ ይደፍቅ ነበር ይላሉ። አብዷል።

ነገ ትምህርት የለም። ተማሪዎቼ ከሩቅ በእግር ነው የሚመጡት፤ ርዕሰ መምህሩ ከቤት እንዳትወጡ ብሎ አሰናበታቸው።

ክላሽ ያላቸው ሚሊሻዎች ለግዳጅ ከጎጆ ከተማ ወጥተዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። በሰፈሩ ያለው መሣሪያ የአማቴ ብቻ ነው። ሲሞቱ ለልጆቻቸው አንዳንድ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚባል የድሮ ጠመንጃ ተዉላቸው፦ አንዱን ለባሌ ለለሚ፣ አንዱን ለታላቅ ወንድሙ ለኦቦ ድሪባ። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ በኩል ነው የሚጎሰጎሰው። አንዴ ከተኮስክ በኋላ እንደገና እስክታጎርሰው ጠላትህ ቆሞ ሊጠብቅህ ነው። ጅቡ ግን አይጠብቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ ወንድማማቾቹ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል የሚለውን መጀመሪያ መለየት ነበረባቸው። ሁለቱም የእኔ ነው የሚሻለው ይላሉ። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ እንዲህ ናቸው።

በስልኬ መብራት የሁለቱንም ውስጥ አየሁ። የኦቦ ድሪባ ቱቦ ወፍራም ነው፤ ውስጡ ግን በዝገት ተበልቶ ጎርበጥባጣ ሆኗል። የለሚ ልሙጥ ነው፤ ያብለጨልጫል። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እያንዳንዱን ተራ በተራ ግንድ ላይ አስረው፣ ቃታውን ከሩቅ በገመድ እየሳቡ አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ተኮሱ። የኦቦ ድሪባ አንዴ ጥግ መታ፣ አንዴ ጭራሽ ሳተ፣ አንዴ አፈር አስነሳ። የለሚ ቀዳዳዎች በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ናቸው። ለሚ እንደ ልጅ ዘለለ።  ኦቦ ድሪባ ጠመንጃቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ሄዱ።

ማታ ለሚ እየሳቀ በላ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አዴ ጫልቱ ሌሊቱን አረፉ። ወደ አምቦ የሚወስዳቸው መኪና ገና እየተፈለገ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ኦቦ ድሪባ ቤታችን መጡ። የለሚን ጠመንጃ አንስተው በላምባ ወለወሉት፣ አደረቁት፣ ትንሽ ጠበቁ። ከቃታው በላይ ላምባው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሆኖ ብቅ አለ።

«ይሄ ተሰንጥቋል» አሉ።

«ጭረት ነው» አለ ለሚ። «ትናንት የእኔ ስለመታ ነው አይደል?»

«ለሚ፣ እጅህን ይበላሃል።»

«ያንተ የማይመታ! ሲስትስ ማንን ሊበላ ነው?»

እኔም በልቤ ቅናት ነው አልኩ። ከሄዱ በኋላ ግን ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬድኩት። ጥፍሬ ያዘ። ተወው፣ ሚሊሻዎቹ እስኪመጡ እንጠብቅ አልኩት። «ሂን ሶዳቲን» አለኝ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። ፈርቼ ነው እንጂ! ቆይቶ ደግሞ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «አዴ ጫልቱን አይተሻቸዋል፤ በማይመታ ነገር ልውጣ?» አለ።  

ዓርብ፣ ኅዳር 7፣ አምቦ

 ባጭሩ ልጻፍ።

ጠዋት ጅቡ አውድማው ላይ መጣ። ሰው ተበተነ። ኦቦ ድሪባ ቀድመው ተኮሱ፤ ሳቱ። ጠመንጃቸውን እንደ ዱላ ሲያነሱ ጭናቸውን ያዛቸው። ለሚ ሮጦ ተጠጋና ተኮሰ።

ድምፁ የጠመንጃ አልነበረም። ጭሱ ሲገለጥ ጅቡ ወድቋል፤ ለሚም ወድቋል። ቱቦው ስንጥቁ ላይ ተተርትሯል። የግራ እጁ ጣቶች… ነጠላዬን ጠቀለልኩበት። ቀኝ ዓይኑን አልጽፈውም።

ድንች የጫነ አይሱዙ ነው ያመጣን። ሁለቱንም ጆንያው ላይ አስተኛናቸው። መንገዱ በነጠረ ቁጥር ለሚ ይጮሃል። ኦቦ ድሪባ በራሳቸው ጭን ደም እየፈሰሰ የወንድማቸውን ጭንቅላት እስከ አምቦ ድረስ አቅፈው ያዙ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ቀኝ ዓይኑ ወጣ። ከግራ እጁ አውራ ጣቱና ትንሿ ብቻ ተረፉ። ግራ ዓይኑም ተቃጥሏል፤ ታሽጓል። ሐኪሙ ነገ ሲፈታ እናያለን አለ።

የኦቦ ድሪባ የእብድ ውሻ መርፌ እዚህ አልነበረም። ትናንት ከአዲስ አበባ መጣና ጀመሩ። ነርሱን በሽታው እንዳይነሳባቸው እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። «በጊዜ ጀምረዋል፤ እንጸልይ» አለ። ለሚ አልሰማም።

ዛሬ ነቅቶ «መታሁት?» አለ።

«መታኸው።»

«ድሪባስ?»

«እዚሁ ነኝ» አሉ ከጎኑ አልጋ። «ዝም ብለህ ተኛ።»

ለሚ አለቀሰ። እንባው በፋሻው ስር አልፎ ወረደ። ኦቦ ድሪባ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ስንጥቁ ያነሳ የለም። እኔ ግን ማንሳት ፈለግኩ፤ መጮህ ፈለግኩ። ጮኼ ማንን እንደምወቅስ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። ዓይኑ አብጧል፣ ቀልቷል። በእርጥብ ጥጥ ሲያብሰው ቆይቶ «ክፈተው» አለ።

 አልጋውን ጨብጬ ቆምኩ።

«ምን ይታይሃል?» አለ ሐኪሙ።

«ጭጋግ።»

ኦቦ ድሪባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሐኪሙ መስኮቱን ከፈተ። ለሚ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዘነበለ።

«ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው» አለ።

ወደ ታች አየሁ። ስፌቱ ውጪ ነው። ከዓርብ ጀምሮ እንዲህ ሆኜ ነው ከተማውን ስዞር የከረምኩት፣ የነገረኝም የለም።