ቃልን ከዜማ ያስታረቁት የአቶ ፓንግ ሲክ-ሆይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፓንግ ሲክ-ሆይ ከአባታቸው ከጀልባ ጠጋኙ ከአቶ ፓንግ ዩ-ታት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኩዎክ ሙይ፣ በሆንግ ኮንግ ቾንግ ቻው ደሴት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1944 ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት እህታቸው ፓንግ ዩት-ሲም ደግሞ ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ነኝ።

ትምህርታቸውን በደሴቷ ጀምረው በ1964 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ፤ ጡረታ እስኪወጡም ሙዚቃ አስተማሩ። በተመረቁበት ዓመት በደሴታችን ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። ጣጣው የጀመረውም ያን ዕለት ነው።

ባሕር ማዶ ላደጉት የልጅ ልጆቻቸው ልንገራቸው። በእኛ በካንቶኖች አፍ ቃል ያለ ዜማው ቃል አይደለም። «ጂዩ» ስትሉ ድምፁን ከታች ወደ ላይ ብታነሡት «ጌታ» ነው፤ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ብትይዙት «አሳማ»። መዝሙሮቻችን ደግሞ ከፈረንጅ አገር በመጣ ዜማ ይዘመሩ ስለነበር፣ ዜማው ቃሉን ወደፈለገው ይጎትተዋል። እናታችን የሩዝ ገንፎ ሻጭ ነበሩ፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ የሚያውቁት የሰሙትን ነው። በጥምቀቱ ላይ ምእመናኑ በአንድ ድምፅ «አሳማችን ሆይ» ሲሉ ሰሙና ብድግ አሉ። «ወይ ጉድ! ለአሳማ ልትዘምር ነው ያሳደግሁህ? ሁለተኛ እዚህ ደጅ እግሬ አይረግጥም!» ብለው ወጡ፤ ለዓመታትም አልረገጡም። እልኸኛ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ግን አልሳቁም፤ እናቴ ይህንኑ እንዳሰቡ ይሞቱብኛል ብለው ተጨነቁ።

በ1970 ከወይዘሮ ሎክ ሳው-ፉን ጋር ትዳር መሥርተው ዊንግ-ላምንና ሆ-ይንን ወለዱ። ባለቤታቸው ስንቱን ቻሉ! ምሳው ቀርቦ እየቀዘቀዘ፣ እርሳቸው አንዷን የመዝሙር መስመር እንደ ወሬ ይናገሯታል፣ ፒያኖ ላይ ይፈልጓታል፣ ይሰርዛሉ። ቃሉ ሲወጣ የሚወጣ፣ ቃሉ ሲወርድ የሚወርድ ዜማ ነበር የሚፈልጉት።

በ1979 አንዲት መዝሙር ተሳካችላቸው። ተማሪዎቻቸው ይዘዋት ወጡ፤ ወደብ ደረሰች፣ ገበያ ገባች። አንድ ጠዋት ወንድሜ ገንፎ ሊበሉ ሲመጡ እናታችን ድስት እያማሰሉ «ጌታዬ ሆይ» ይላሉ፣ ጥርት አድርገው። ወንድሜ ቆመው ቀሩ።

«ስማ» አሉ እናታችን፣ «ዘፈን ማለት እንዲህ ነው፤ ልክ ሰው እንደሚያወራው። የእናንተዎቹ ከዚህ ይማሩ!»

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ ያወጣኋት።»

እናታችን ጭልፋቸውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩዋቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ጎለተህ?»

እኔ እዚያው ሳህን አጥብ ነበር። ወንድሜ እየሳቁ እንባቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ አየሁ። እፎይ አልን፣ ሁላችንም! በቀጣዩ እሑድ እናታችን መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ያን ቦታ ለማንም አልለቀቁም።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ልባቸው የቀለለ ሰው ነበሩ፤ ምሳቸውንም በትኩሱ ይበሉ ጀመር። በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2023 ያለ ጣር አረፉ። ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ስቃያቸውን እፈራ ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተውናል። አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናናን።

አሁን መዝሙራቸውን እንዘምራለን። ቃሉ በዚህ ወረቀት ላይ አልታተመም። «ሰዎች ሰምተው ካልያዙት ሥራዬ አላለቀም ማለት ነው» ብለው የከለከሉት እርሳቸው ናቸው። በሉ ተነሡ።