አዋላጇ የነኩት ቀይ ነጥብ

ወዳጄ፣ እንዴት ከረምሽ? እኔ ከሃፍረቴ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ በጣት ሲነኩት የሚለዋወጠውን ካርታዬን በትልቁ ስክሪን ከፈትኩት። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ መንደር ነው፤ በዓመት ስንት እናቶች ለእርግዝና ክትትል እንደመጡ ያሳያል። ጥቂት እናቶች ብቻ የመጡባት አንዷ መንደር ቀልታለች። በሆዴ «እዚህስ የክትትል ፕሮግራሙ አልሠራም፣ ይዘጋ» ብዬ ጨርሻለሁ።

«ንኩት» ብል የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ እጁን ደበቀ። እኛ ቢሮ ቢሆን ራሳችንን ነቅንቀን ወደ ሻይ እንሄድ ነበር። እዚህ ግን አንጋፋዋ አዋላጅ ጣታቸውን በጋውናቸው ጠርገው ተነሡ።

«ወር በወርስ ያሳያል?»

«ያሳያል፣ እዚህ ጋ ይግፉት።»

ሲገፉት ነጥቧ ስምንት ወር አረንጓዴ ሆና ቆየችና ዝናብ ሲገባ ቀላች፤ የዓመቱን ድምር የጣሉት እነዚያ ወራት ናቸው።

«ልጄ፣ እናቶቹ አልሰነፉም፤ ወንዙ ሞልቶባቸው ነው» አሉኝ።

አዳራሹ ሳቀ፣ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። በዝናቡ ወራት አንዲት አዋላጅ ወንዙን ተሻግራ እዚያው እንድትቆይ ተስማማን። ከዚያ በኋላማ ሠራተኞቹን ካርታውን ማን ያስጥላቸው! ዘበኛው የአማቾቹ መንደር ከእሱ መንደር በልጦ ቢያገኘው እስካሁን አኩርፏል።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ለአለቃችን ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሪፖርቱን እየጻፍኩ ነው፤ አዋላጇ አጠገቤ ተቀምጠው በየአንቀጹ «እስቲ አንብብልኝ» ይሉኛል።