ሲጋራ የማቆም ድጋፉ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት እንዲመለስ

ቀን፦ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምንጭ አፋፍ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሲጋራ ለማቆም ከፋርማሲስት የምናገኘው ድጋፍ እንደ ቀድሞው በመስኮት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች የምኖር፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ሲጋራ አጨሳለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ሳልጽፈው ግን አቤቱታዬ አይገባዎትም።

1. ሟች ባለቤቴ እጁ አልታዘዝ ካለው በኋላ ሲጋራውን በአፌ እየለኮስኩ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። እርሱ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን መለኮሱን አልተውኩም። ጓሮ ተደብቄ አጨስና ሽታው እንዳይታወቅብኝ ነጭ ሽንኩርት አኝካለሁ። አንዲት ልጄ እንኳ አታውቅም።

2. አምና የግፊት ክኒኔን ልወስድ ስሄድ ፋርማሲስቱ አቶ ዘረሰናይ ሳሌን ሰምተው ነቁብኝ። አላጋለጡኝም። በየሰኞው በመስኮቱ በኩል በቀን ያጨስኩትን በጣቶቼ አሳያቸው ነበር፤ እርሳቸውም የኒኮቲን ማስቲካውን ከክኒኔ ጋር በአንድ ፖስታ አድርገው «ይበርቱ እናቴ» ይሉኝ ነበር። አሥር ጣት የነበረው ሁለት ደረሰ። ከዚያም ሦስት ሰኞ በተከታታይ የተጨበጠ እጅ አሳየኋቸው።

3. ጥር ላይ አገልግሎቱ «ተስፋፋ» ተባለና በመስኮት መስጠት ተከለከለ። አሁን ረቡዕ ረቡዕ በአዳራሹ፣ «ሲጋራ ለማቆም የተመዘገቡ» ከሚል ጽሑፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስም እስኪጠራ መጠበቅ ነው። እኔ እዚያ ብቀመጥ የጽዋ ማኅበሬ ሰዎች ምን ይሉኛል? ሁለቴ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለአገልግሎቱ አስተባባሪ ብነግራቸው «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉኝ። እኔ ግን ተደብቄ መድኃኒት አግኝቼ ነበር።

ይኸው ዛሬ በቀን ወደ ስድስት ሲጋራ ተመልሻለሁ። ልጄ በመጋቢት ልትወልድ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ የማርሳት እኔ ነኝ፣ ያለኝም አንድ ክፍል ነው። ሕፃኑን በዚህ ትንፋሼ ላቅፈው ነው? በጣም ፈርቻለሁ።

ስለዚህ አዳራሹ ለደፈረ ይሁን፤ ለማንደፍር ግን አቶ ዘረሰናይ በመስኮቱ እንዲረዱን እንዲፈቅዱ በትሕትና እለምናለሁ።

ስም የሌለው ማመልከቻ አይታይም ስለተባልኩ ስሜን ጽፌያለሁ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ የምትቀበለው አምለሰት የልጄ ሚዜ ነበረች። እርስዎ ከማንበብዎ በፊት ልጄ ትሰማለች። ይህን እያወቅኩ አስገባሁት፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

መልስዎን ከምትጠብቅ እናት ሰላምታ ጋር፣

ወርቅአየሁ ቢራቱ
(ፊርማ)