በባትሪ ያመለጥከኝ ዳማ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለአክረም፤ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጭሮ ዘንቧል፤ አያትህ ኩብራም ጉልበቷ ሲሻላት ምላሷ ብሶባታል።

አዲስ ላፕቶፕ ልትገዛ ነው አሉኝ። ኮምፒውተር የምትጠግነውን ጎረቤታችንን ሳብሪናን ብጠይቃት፣ «አባባ፣ ለጌም የተሠራው ላፕቶፕ ይፈጥናል፤ ግን ይግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ለዘወትር ሥራ የሚሆነው ረጋ ያለ ነው፤ ባትሪውም ይቆያል» አለችኝ። ይሄንንማ በጭነት መኪናዬ ከመቻራ ቡና ሳመላልስ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ! ትዝ ይልሃል፣ ጋቢና ተቀምጠህ «አባባ፣ ቅደመው!» እያልክ ስታስቸግረኝ? በኋላ የቀደመን አይሱዙ ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ፈልቶ ቆሞ ስናገኘው፣ በመስኮት እጅህን አውጥተህ ቻው ትለው ነበር።

ባለፈው ጁምዓ በቪዲዮ ዳማ ስንጫወት፣ የመጨረሻዋን ቆርኪህን ልበላ ስል ላፕቶፕህ ጠፋ። አንተ ባትሪ አልቆ ነው ትላለህ፤ እኔ ሸሽተህ ነው እላለሁ። ቆርኪዎቹ እዚህ ገበታው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ኩብራም ዙሪያቸውን ነው የምትጠርገው። ያቺን ቆርኪህን ብቻ ንፋስ ወሰዳት፤ እኔ የለሁበትም።

እባክህ ልጄ፣ ባትሪው የሚቆየውን ግዛ። ለጌሙ እኔ እበቃሃለሁ። አላህ ዕድሜ ሰጥቶን፣ አንድ ቀን ያለ ባትሪ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለመጫወት ያብቃን።

አያትህ አብዱረዛቅ፣ ከጭሮ