በጉልበት ስለተሰበረችው በትሬ

ለተከበሩ አቶ ስቬርር ኦፍስታድ፣
የግራውቪክ ባቡር ጣቢያ የጥበቃ ክፍል ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤናና በሁለት ደህና የእጅ አንጓዎች እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ስሜ ሬይዱን ሃውግላንድ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ሲሆን፣ የሰው ጀርባና ትከሻ እያሸሁ የምኖር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ በአንድ እጅ የሚታሽ ጀርባ እስካሁን ስላላገኘሁ ግን ለጊዜው ሥራ ፈት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ወር መድረክ ሦስት ላይ የደረሰብኝን ነገር «ጥቃቅን አለመግባባት» ብለው በክብር ስለሰየሙልኝ እያመሰገንኩ፣ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ጥቃቅኖቹን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ሐሙስ ጠዋት ከባቡር ወርጄ፣ ከምሰሶው ተጠግቼ፣ እህቴ የላከችልኝን መልእክት ስልኬን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ሳነብ ጠባቂዎ ሮይ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ዕውር ነኝ ብለሽ ዱላ ይዘሽ፣ ደግሞ ስልክ ታነቢያለሽ?»

«የሚታየኝ መሐሉ ብቻ ነው፣ ወንድሜ። ፊደል አነባለሁ፤ እግሬን ግን አላየውም» አልኩት።

«ተይ እባክሽ! ወንበር እንዲለቁልሽ ነው። አምጪ ይሄን!»

ሮይን አልወቅሰውም፤ ያላስተማሩትን ከየት ያምጣው? እኔ የማየው ሰው በገለባ ቀዳዳ አሻግሮ የሚያየውን ያህል ነው። የቀረውን ነጭ በትሬ ትነግረኛለች። ጫፏ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ ግራና ቀኝ እየተንከባለለች፣ እግሬ ከማረፉ አንድ እርምጃ አስቀድማ ደረጃውን፣ ጉድጓዱን፣ ሰው ትቶት የሄደውን ሻንጣ ትነካልኛለች። መድረኩ ላይ ሸንተረር ያለው ንጣፍ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲድ ነው ማለት ነው። ነጭነቷ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለእናንተ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው አይቶኝ እንዲያልፍ። ሮይም በእርግጥ አይቶኛል።

፪. በትሯ በማሰሪያ አንጓዬ ላይ ተጠልቃ ነበርና ሮይ ሲመነትፋት እኔም አብሬ ተመነተፍኩ። «እጄ! እጄ ታስሯል!» ብዬ ጮኽኩ። እሱ እግሩን ምሰሶው ላይ ተክሎ ደግሞ ጎተተ። አጥንቴ ሲሰበር የሰማሁትን ድምፅ ልገልጽልዎ አልችልም፤ እሱ ግን ማሰሪያው የተበጠሰ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ «በቃ፣ ለቀቀ» አለ። ከዚያ በትሯን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ቀነጠሳትና ስብርባሪዋን እግሬ ሥር ወረወረው።

«እንግዲህ በዓይንሽ ሂጂ!»

፫. ሄድኩ፣ ክቡር ሆይ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሕመሙ አዙሮኝ፣ የሱን ድምፅ ብቻ እየሸሸሁ ሄድኩ። ሸንተረሩን የሚነግረኝ አልነበረም። አራተኛው እርምጃ ላይ መሬት አልነበረም።

ሐዲዱ ላይ በአገጬ ወደቅሁ። አፌ ደምና ጠጠር ሞላው። መዳፌ ሥር ብረቱ መዘመር ጀመረ፤ ግንድ የጫነው ባቡር ጣቢያችን ሳይቆም የሚያልፍ ነው። ወደየት እንደምሳብ አላወቅሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ እህቴን በስሟ ነበር የምጠራው።

ያወጣችኝ ኦድሂልድ ሚርቮል ናት፤ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስትቆርጥ የኖረች የስድሳ አንድ ዓመት ሴት። ከዚያ ቀን በፊት አላውቃትም። በደረቷ ተኝታ በአንድ እጇ ኮሌታዬን፣ በሌላው ጸጉሬን ይዛ «ርገጪ! ግድግዳውን ርገጪ፣ የኔ እህት!» እያለች ጎተተችኝ። ባቡሩ አንድ ጫማዬን ይዞ አለፈ። ጸጉሬም ከነሥሩ እጇ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ተስማምተን ጣልነው።

፬. ይህኛው ከሁሉ የበለጠ ያሳዘነዎት ነው። ሮይ ከላያችን ቆሞ፣ «ሆን ብላ ነው የገባችው! አይታለች!» አለ። ኦድሂልድ ለልጇ ይዛው የነበረውን፣ በበረዶ የደረቀ ሙሉ ዓሣ የያዘ ከረጢት አነሣች።

«አይታለች? እስቲ አንተ ይሄን እየው!»

የአፍንጫው አጥንት ሲደቅቅ ሰማሁ፤ ሁለት ጥርስም መድረኩ ላይ ሲንከባለል። «ተቀመጥ! ሳልደግምህ ተቀመጥ!» አለችው፤ ተቀመጠም። እውነቱን ልናዘዝልዎ፦ እኔ የሰው አጥንት ስጠግን የኖርኩ ሴት፣ በዚያ ድምፅ ደስ አለኝ። እስካሁንም ደስ እንዳለኝ ነው፤ ያሳፍረኛልም።

ሮይን ለሐኪም፣ ኦድሂልድን ለፖሊስ፣ እኔን ደግሞ «ወደፊት ሠራተኞቻችንን ላለማደናገር በጣቢያው ውስጥ ስልክ ከማንበብ ይቆጠቡ» ለሚል ምክር ስላበቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሮይ ወደ መድረኩ ተመልሷል፤ ኦድሂልድ ማክሰኞ ትከሰሳለች። እኔ አዲስ በትር መጥቶልኝ እንኳ ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም፤ በሩን ከፍቼ እቆምና እግሬ እምቢ ይለኛል። ባለፈው ሰኞ ኦድሂልድ መጥታ፣ «ለእኔ ልትመሰክሪ ነው ወይስ እዚሁ ልትሻግቺ?» አለችኝ። ወጣሁ። እስከ ማዕዘኑ ድረስ እያለቀስኩ ነበር፤ ከማዕዘኑ ወዲያ ግን አላለቀስኩም።

ማክሰኞ ዳኛው ፊት የምናገረው እዚህ የጻፍኩትን ነው፤ ያኔ እንዳያስደነግጥዎት ብዬ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በአደባባይ ለሕዝብ አነበብኩልዎ።

የመልካም አስተዳደርዎ ተጠቃሚ፣ ከሐዲድዎ በሰው እጅ የተረፍኩ፣
ሬይዱን ሃውግላንድ፣ ባልተሰበረው ቀኝ እጄ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ፍርድ ቤቱን በበትሬ ቃኝቼዋለሁ። ከመግቢያው አራት ደረጃዎች አሉ፤ የመጨረሻው ጠርዙ ረግፏል፣ ሰው ይጥላል። ዓይናማ ለሆኑት ለእርስዎ ይህን መንገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ ስለፈራሁ፣ የትኛው ጎኑ እንደሆነ ትቼዋለሁ።